በልክ የሚሰፋ መድኃኒት፦ የቻይና ዕፅዋት ሕክምና ሜትሩና ጨርቁ

ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ጉንፋን ያዛቸው እንበል። ሁለቱንም ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ሁለቱንም ራሳቸውን ያማቸዋል፣ የሁለቱም አፍንጫ ይፈሳል። እኛ ቤት ቢሆኑ «ምች ነው» ተብሎ ለሁለቱም ያው ዳማከሴ ይጨመቅላቸው ነበር፤ ፋርማሲ ቢሄዱም ያው ፓራሲታሞል ነው የሚሰጣቸው። የቻይና ባህላዊ ሐኪም ግን ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቃት አንዲት ነገር አለች፦ «ያልብሃል?»

ላቡ ቸፍ ቸፍ የሚልበትና ነፋስ ሲነካው የሚሰቀጥጠው ሰው «ጉዪ ጂ ታንግ» የተባለው ይታዘዝለታል። በውስጡ የቀረፋ ዛፍ ቅርንጫፍ 9 ግራም፣ ባይ ሻኦ የሚባል ነጭ ሥር 9 ግራም፣ እርጥብ ዝንጅብል 9 ግራም፣ በማር የታመሰ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር 6 ግራም፣ የእኛ ቁርቁራ ዘመድ የሆነው ዳ ዛኦ ደግሞ 3 ፍሬ አለ። አንዲት ጠብታ ላብ የሌለው፣ መገጣጠሚያውን የሚቆረጥመውና ደረቱን የሚያፍነው ሰው ግን «ማ ኋንግ ታንግ» ነው የሚያገኘው፦ ማ ኋንግ 9 ግራም፣ የቀረፋ ቅርንጫፍ 6 ግራም፣ የመራራ አፕሪኮት ፍሬ 9 ግራም፣ ሊኮሪስ 3 ግራም። ማ ኋንግ ኤፌድሪን ያለበት ተክል ነው። ላብ ያወጣል፣ የአየር ቧንቧን ይከፍታል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ልብንም ያስሮጣል። አስቀድሞ ላብ በላብ ለሆነ ሰው ከተሰጠ የባሰ ያደርቀዋል፤ ልቡ ደካማ ለሆነም አደጋ ነው።

ሁለቱም ውህዶች ዣንግ ጆንግጂንግ ከሚባል ሐኪም የተወረሱ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ወደ 1800 ዓመት ይጠጋል። አብሯቸው የተወረሰው የአወሳሰድ ትእዛዝም ከቅመሙ አያንስም። ጉዪ ጂ ታንግ የጠጣ ሰው ወዲያው ቀጭን ትኩስ የሩዝ አጥሚት ይደግምበታል፤ ከዚያ ብርድ ልብስ ለብሶ ለ2 ሰዓት ያህል ይጋደማል። የሚፈለገው ገላን እርጥብ እርጥብ የሚያደርግ ቀለል ያለ ላብ ነው፤ እንደ ውኃ ከወረደ በዝቷል ማለት ነው። ላቡ በመጀመሪያው ሲኒ ከመጣና ሰውየውን ቀለል ካለው የተረፈው አይጠጣም። «ጀምረህ እንዳታቋርጥ» እየተባለ አንቲባዮቲክ ሲውጥ ለኖረ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። እዚህ ግን «ይበቃል» የሚለው የሰውየው ቆዳ ነው።

የበለጠ የሚደንቀው ደግሞ ዕፁ ሳይቀየር ሚዛኑ ብቻ ሲቀየር የሚሆነው ነው። በዚያው የ5 ዕፅ ውህድ ውስጥ ባይ ሻኦ ከ9 ወደ 18 ግራም ከፍ ሲል መድኃኒቱ የጉንፋን መሆኑ ይቀርና የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ይሆናል። በዚያ ላይ ከብቅል የሚሠራ ጣፋጭ ሽሮፕ 30 ግራም ከተጨመረ፣ ሰውነቱ ለደከመና ሆዱ ላይ ትኩስ ነገር ሲይዝ ለሚሻለው ታማሚ የሚሰጥ፣ የራሱ ስም ያለው ሌላ መድኃኒት ነው። የቀረፋው ቅርንጫፍ ከ9 ወደ 15 ግራም ሲወጣ ደግሞ ከሆድ ተነስቶ ወደ ደረት ለሚወጣ የመርበትበት ስሜት ይታዘዛል። ወጥ ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሽንኩርቱም በርበሬውም ቅቤውም ያው ሆኖ ልኩ ሲለያይ የሚወጣው ሌላ ወጥ ነው።

«ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ» ሲባል እንግዲህ ይህ ነው። በኢንተርኔት «ለእርስዎ የተዘጋጀ» ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። እኛ የምንለው፦ በልክ መስፋቱ እውነተኛ ሙያ ነው፤ የሚለካበት ሜትር፣ ማለትም ምርመራው፣ ግን ገና በደንብ አልተፈተሸም፤ ሰው የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በልኩ ስህተት ሳይሆን በጨርቁ፣ ማለትም በዕፁ በራሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምላስ፣ ትርታ፣ ጥያቄ

ምርመራው አራት መንገድ አለው፦ ማየት፣ መስማት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። መስማቱ ማሽተትንም ይጨምራል፤ በቻይንኛ ሁለቱ በአንድ ቃል ይጠራሉና።

ከማየቱ ዋናው ምላስ ነው። ገርጥቶ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ከያዘ ምግብ የሚፈጨው ኃይል ደክሟል ይባላል። ቀልቶ ወፍራም ቢጫ ሽፋን ካለው «ሙቀት» አለ፤ ቀልቶ ሽፋን ከሌለው ደግሞ የሰውነት እርጥበት ተሟጧል። የእኛ ሰው ልማድ እዚህ ላይ ምርመራውን ያበላሻል፦ ቡና ጠጥቶ መሄድ። ቡና ምላስን ያጠይመዋል፣ እርድ ያቢጨዋል፤ ጠዋት ምላስን በብሩሽ ፍቆ የመጣም ሽፋኑን ቤቱ ትቶት ነው የመጣው። ቢያንስ ለ2 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ መሄድ ይሻላል።

ትርታ የሚዳሰሰው በእያንዳንዱ እጅ አንጓ ላይ በሦስት ጣት ነው። በግራ እጅ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ በቀኝ ሳንባ፣ ጣፊያና እንደገና ኩላሊት ይነበባሉ። ታዲያ እነዚህ ስሞች ሆስፒታል ውስጥ የምናውቃቸው አካላት ብቻ እንዳይመስሉን። «ኩላሊትዎ ደክሟል» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የተነገረው ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ሌሊት ሽንትና ስለ ብርድ ስሜት ነው። ድንጋጤ አያስፈልገውም። የባሰው ስህተት ግን ተቃራኒው ነው፦ ትርታው ደህና ነው የተባለ ሰው ክሬያቲኒኑ፣ የኩላሊት ጉዳትን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ጣት የላቦራቶሪን ሥራ አይሠራም።

የልኬቱ ሦስት እጅ ግን ጥያቄው ነው። ብርድና ሙቀት፣ ላብ፣ ራስና ገላ፣ ሰገራና ሽንት፣ ምግብና የአፍ ጣዕም፣ ደረት፣ ጆሮ፣ ጥም፣ የቀድሞ ሕመም፣ መነሻው፤ ለሴት ደግሞ የወር አበባ ቀኑ፣ መጠኑ፣ ቀለሙ። ጥሟል? ከጠማ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ትኩስ የሚያምረው? ሰገራው ላላ ካለ፣ ከመውጣቱ በፊት ሆድ ይቆርጣል? ከወጣ በኋላስ ይቀላል? ከእነዚህ መልሶች የበሽታው «ገጽታ» ይወጣል፤ መድኃኒቱም ከበሽታው ስም ይልቅ ለገጽታው ይታዘዛል። ስለዚህ አንድ የጨጓራ ሕመም ያለባቸው ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ይዘው ሊወጡ፣ አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ሌላው ተቅማጥ ይዞት የመጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ ዓይነት ሊታዘዝላቸው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው፣ በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች መለያ ዝርዝር ውስጥ እነዚህን ገጽታዎች የሚመዘግብ ምዕራፍ አስገብቷል። መመዝገብ ግን ይሠራል ብሎ መመስከር አይደለም። ሁለት ልብስ ሰፊዎች አንድን ትከሻ ለክተው ያው ቁጥር ያገኛሉ? አሜሪካ ውስጥ በተሠራ አንድ ጥናት ሦስት የቻይና ሕክምና ባለሙያዎች ያንኑ 40 የሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ታማሚዎች ለየብቻ መረመሩ። ስለ ገጽታው የተስማሙት በአማካይ ከሦስት ታማሚ በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር። የተለያየ ጨርቅ ቢያዝዙ አይገርምም ነበር፤ የተለያዩት ግን ትከሻው ስንት ነው በሚለው ላይ ነው። ይህን ሳያነሱ ስለ «በልክ» ማውራት ማስታወቂያ መሥራት ነው።

ሚዛንና ድስት

ግራሞቹ ራሳቸው ክርክር ላይ የቆሙ ናቸው። ጥንታዊው መጠን የተጻፈው «ሊያንግ» በሚባል መለኪያ ሲሆን በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን 1 ሊያንግ ከ13.8 እስከ 15.6 ግራም እንደነበር ይገመታል። የኋላ ሐኪሞች «የድሮው አንድ ሊያንግ የዛሬው አንድ ጺየን ነው» ብለው ወደ 3 ግራም አወረዱት። የ3 ሊያንግ ቀረፋ ዛሬ 9 ግራም የሆነው በዚህ ነው። የድሮውን ሚዛን እንመልስ የሚሉት ግን ለዚያው ሰው 45 ግራም ገደማ ይጽፋሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ጥላ ሥር 5 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ዕፅ ከዚህ እስከዚህ የሚል ወሰን ያስቀምጣል፤ ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር መጠኑ በዚያ ወሰን ውስጥ መሆኑን ነው።

ከዚያ አፈላሉ ይመጣል። ግማሹ የሚበላሸው እዚህ ነው። የሸክላ ድስት ከሁሉም ይሻላል፣ የማይዝግ ብረት ወይም መስታወትም ይሆናል። ተራ ብረት፣ መዳብና አልሙኒየም አይሆኑም፤ በዕፁ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ተዋህዶ መድኃኒቱን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ይለውጠዋል። የአንድ ቀኑ ዕፅ ድስት ውስጥ ይገባና ከላዩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ቀዝቃዛ ውኃ ይደረግበታል፤ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል። በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ የተለመደ ስህተት ነው፦ የውጩ ስታርች ወዲያው ይረጋና የውስጡ አይወጣም። ቀጥሎ በኃይለኛ እሳት እስኪፈላ፣ ከፈላ በኋላ በዝግታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። የጉንፋን ዕፅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሽታው ነው ኃይሉ፤ የሚያጠነክሩ ሥሮች ግን እስከ 1 ሰዓት ይሄዳሉ። ተጠልሎ ሁለተኛ ውኃ ይጨመርበታል፣ ልክ እንደ ቡናችን ቶና፣ እንደገና 20 ደቂቃ። ሁለቱ ተቀላቅለው 400 ሚሊ ሊትር ያህል ከወጣ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ማታ ይጠጣል። አቦልና ቶናን ለየብቻ መጠጣት ጠዋት ብርቱ፣ ማታ ውኃ መጠጣት ነው፤ የሚቀላቀሉት ለዚህ ነው። ያረረ ድስት ውኃ ተጨምሮበት አይድንም፣ ይደፋል።

ሐኪሙ ከአንዳንድ ዕፅ ጎን ትንሽ ማስታወሻ ይጽፋል። ዛጎልና ማዕድን ቀድሞ ለ30 ደቂቃ ይፈላል። ናና መሰሉ ቦ ኸ የሚገባው ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ደቃቅ ዘርና ፀጉራም አበባ በነጠላ ጨርቅ ይቋጠራል፣ ካልተቋጠረ ጉሮሮ ይቧጭራል። ጂንሰንግ ለብቻው ይፈላል፤ ውድ ስለሆነ ጭማቂውን ሌላው ዕፅ እንዳይመጥበት።

ከእነዚህ ማስታወሻዎች አንዱ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ፉ ዚ የአኮናይት ሥር ነው፤ አኮኒቲን የተባለው መርዙ የልብን ምት ያዛባል፣ ይገድላልም። የተፈቀደው ከ3 እስከ 15 ግራም የተዘጋጀ ፉ ዚ ሲሆን ከሌሎቹ ቀድሞ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ መጠኑ ሲበዛም ከዚያ በላይ መፍላት አለበት። ረጅም ፍላት አኮኒቲንን ሰባብሮ መርዝነቱን በብዙ እጅ ይቀንሳል። ጥቂት ሲቀመስ ምላስን ካደነዘዘ አልበሰለም። ውኃው አልቆበት መሃል ላይ ቀዝቃዛ የጨመረ፣ ወይም «ሁሉንም አንድ ላይ ላፍላው» ያለ ሰው ነው ድንገተኛ ክፍል የሚገባው፤ ከንፈሩ ደንዝዞ፣ ልቡ ተዛብቶ። ቤቱ ሆኖ ይህን ጠብቆ ማፍላት የማይችል ታማሚ ፉ ዚ ባይጻፍለት ይሻላል ብለን እናምናለን።

ይህ ሁሉ የከበደው ሰው ዱቄት ይመርጣል። እያንዳንዱ ዕፅ ፋብሪካ ውስጥ ፈልቶ ደርቆ ዱቄት ይሆናል፣ ፋርማሲስቱ በወረቀቱ መሠረት እየመዘነ ይቀላቅለዋል፣ ታማሚው በሙቅ ውኃ ይበጠብጠዋል። ቻይና በ2021 መጨረሻ ይህን ምርት ከሙከራ አውጥታ በመንግሥት መለኪያ ሥር አስገብታዋለች። ይመቻል፤ ግን ዕፆቹ አንድ ድስት ውስጥ ሲፈሉ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነገር ይቀራል።

አንዴ የተሰፋ ልብስም እንዲሁ አይለበስም። ለሥር የሰደደ ሕመም መጀመሪያ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የ7 ቀን ነው፤ ታማሚው ሲመለስ ይታረማል። ለምሳሌ ሹ ዲ ኋንግ የተባለው ጥቁርና የሚያጣብቅ ሥር ሆድ ከነፋ፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ወገን የሆነ ሻ ረን ከ3 እስከ 6 ግራም ወደ መጨረሻ ይጨመርለታል። አንድ ጊዜ ታይቶ የ3 ወር ከረጢት ተሸክሞ የወጣ ሰው በልኩ አልታከመም።

ማስረጃው

ለዚህ ሕክምና ከተደረጉት ፈተናዎች ብዙ የሚጠቀሰው አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ1998 የታተመው ነው። አንጀታቸው በቀላሉ የሚታወክ 116 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፦ ለየራሳቸው የተቀመመላቸው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የ20 ዕፅ ውህድ የተሰጣቸው፣ ባዶ ካፕሱል የዋጡ። ሐኪሙ ሁሉንም መርምሮ ያዝዛል፤ ካፕሱሉ ውስጥ የትኛው እንዳለ ግን አያውቅም። ከ16 ሳምንት በኋላ ሁለቱም መድኃኒት የወሰዱት ከባዶው በልጠው ተሻላቸው፤ በልክ የተሰፋው ከጅምላው አልበለጠም። ሕክምናው ካቆመ 14 ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን መሻሉ የቆየላቸው በልካቸው የተቀመመላቸው ብቻ ነበሩ።

ደጋፊውም ተቺውም ከዚህ ጥናት የሚወደውን ግማሽ ነው የሚያነሳው። እንደ እኛ ንባብ የሚያሳየው ልኩ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል፣ ያ ዋጋ ግን ደጋፊዎቹ እንደሚሉት ወዲያው ዓይን የሚሞላ እንዳልሆነ ነው። በ2007 የታተመ አንድ ግምገማ በግል የተቀመሙ ዕፅዋትን በዕጣ የፈተኑ ጥናቶችን ዓለም ላይ ሲፈልግ ያገኘው ሦስት ብቻ ነው፤ አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሎም ደመደመ። ምክንያቱ አይጠፋም፦ ወረቀቱ በየሳምንቱ የሚለወጥ መድኃኒት የሚያስመዘግብ ኩባንያ የለም፣ የማይመዘገብ ነገር ላይ ገንዘብ የሚያፈስም የለም። ቻይናም ብትሆን በ2018 ለ100 ጥንታዊ ውህዶች አጭሩን የምዝገባ መንገድ ስትከፍት የከፈተችው እንደ ተጻፉ ለሚመረቱት ነው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣም ለቀላሉም ለከባዱም ታማሚ ይሆናል የተባለ አንድ የ21 ዕፅ ውህድ ተመከረ። ሰው ሲበዛ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አስቀምጦ ወደ ጅምላ መደርደሪያው ይሄዳል።

ጨርቁ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ለማቅጠኛ የቻይና ዕፅ ያለበት ካፕሱል ሲሰጥ ነበር። ውስጡ «ፋንግ ጂ» መኖር ነበረበት። በቻይንኛ ግን ፋንግ ጂ የሚባሉ ተክሎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ በታሰበው ተክል፣ በስቴፋኒያ ቦታ የመጣው የአሪስቶሎኪያ ወገን የሆነው ሆነ። አሪስቶሎኪያ ኩላሊትን የሚጎዳ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለበት። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ ብዙዎቹ ዲያሊሲስ ወይም ንቅለ ተከላ ላይ ደረሱ፣ ከዓመታት በኋላም በሽንት ቧንቧ ካንሰር የተያዙ ነበሩ። ስህተቱ የአንድ ስም ነው። የባህላዊው ሕክምና ተከላካዮች «ያ የእኛ አይደለም» ይላሉ፣ ነገሩም እውነትነት አለው፦ ካፕሱሉ ከምግብ ፍላጎት ማጥፊያ ኬሚካሎች ጋር የተደባለቀ፣ ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት፣ ለወራት የሚዋጥ ነበር። ግን አሪስቶሎኪያ ያለባቸው ዕፆች ቻይና ውስጥም በባህሉ ደንብ መሠረት ሲታዘዙ ኖረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የታገዱት በ2003 እና በ2004 ነው። ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝን ምላስም ትርታም አያሳዩም።

ጃፓን ሌላ ትምህርት አላት። ቻይኖቹ ሺያኦ ቻይ ሁ ታንግ የሚሉት ውህድ እዚያ በፋብሪካ ተሠርቶ «ለጉበት ሕመም» ተብሎ በብዛት ታዘዘ። በ1996 መንግሥት የሳንባ ብግነት ይዟቸው 10 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ ኢንተርፌሮን ከሚባለው የጉበት ሕመም መድኃኒት ጋር እንዳይሰጥ ከዚያ በፊትም ተከልክሎ ነበር። ለገጽታ የተሠራው መድኃኒት ለበሽታ ስም ሲሰጥ የሚሆነው ይህ ነው ያሉ አሉ። ልኩ ቢጠበቅ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ይተርፉ ነበር ማለት ግን ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

የዚህ ሁሉ ርካሽ ወንድም ደግሞ ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ነው። በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ በአምስት ወር ጊዜ 150 የስኳር ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ስኳራቸው ወድቆ ሆስፒታል ገቡ፣ 4ቱ ሞቱ። ምክንያቱ የወንድ ኃይል ማጠንከሪያ ተብለው የተሸጡ ክኒኖች ነበሩ፤ ውስጣቸው ግሊበንክላሚድ፣ የስኳር መድኃኒት ተገኘ። የመገጣጠሚያ ክኒኑ «በሁለት ቀን ተአምር» ከሠራ ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ይጠርጠር፤ የማቅጠኛው ሻይ እንቅልፍ ከነሳና ልብ ካስመታ የምግብ ፍላጎት የሚያጠፋው ሲቡትራሚን።

አንድ ግኝት ግን የ«በልክ»ን ትርጉም ራሱን ይለውጣል። ፀጉር ያጠቁራል የሚባለው ኸ ሾ ው የተባለ ሥር አንዳንዱን ሰው ጉበቱን ያቃጥለዋል፣ ሌላውን ምንም አያደርገውም። የቻይና ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳዩት «ኤችኤልኤ-ቢ 35፡01» የተባለውን የዘር ምልክት የተሸከሙ ሰዎች ለዚህ ጉዳት በእጅጉ የተጋለጡ ናቸው። ምላስ ያላየውን ልዩነት ደም አየው።

ወደ እኛ ሲመጣ

የቻይና ዕፅ ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው የገባው ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው። ከ2004 ጀምሮ በወባ የመጀመሪያ ሕክምናነት የተያዘው ኳርተም ግማሹ ጪንግ ሃኦ ከሚባል የቻይና ተክል ይወጣል፤ የእኛ አሪቲና ጭቁኝ የወገን ተክል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ በ2015 ኖቤል ያሸለማት ሥራ የተሳካላት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ መመሪያ ቅጠሉን ሳያፈላ በውኃ ዘፍዝፎ ይጭመቅ ማለቱን ልብ ብላ ነው። መድኃኒቱን ሙቀት ነው የሚያጠፋው ብላ 35 ዲግሪ ላይ በሚፈላ ኤተር አርቲሚሲኒን የተባለውን አወጣችው። ልብ ይበሉ፦ ከቻይና ዕፆች ዓለምን በመጥቀም የታወቀው ይህ ነው፤ የጠቀመው ግን ልኩን ጥሎ ነው። ምላስ አይታይም፣ ገጽታ አይለይም። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሁሉ በ3 ቀን 24 ፍሬ፣ ከ5 ኪሎ ጀምሮ ከ15 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን 6 ፍሬ፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ ለወባ መጠጣትን የዓለም ጤና ድርጅት አይደግፍም። መጠኑ ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፣ ትንሽ መጠን ደግሞ ጥገኛውን ያለማምደዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ አርቲሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም የወባ ጥገኛ በተገኘበት ጊዜ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም።

ከጓንጆ በሻንጣ ለሚመጣው፣ ዲሲም ሆነ ዱባይ ከሱቅ ለሚገዛው ደግሞ አደጋው የሚጀምረው ሰው አስቀድሞ ከሚውጠው ክኒን ነው። የልብ ቫልቭ ሕመም ኖሮበት ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዳን ሸን ወይም ዳንግ ጉዪ የሚባሉትን ዕፆች ከጨመረ ደሙ ከልኩ በላይ ይቀጥናል፤ ጂንሰንግ በተቃራኒው የዋርፋሪኑን ኃይል ሊያወርድ ይችላል። ሊኮሪስ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ግፊት ያወጣል፤ ፉሮሰማይድ (ሽንት የሚያሸና) እና ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) ለሚወስድ ልብ ታማሚ ደግሞ ፖታሲየም መውረዱ ዲጎክሲኑን መርዝ ያደርገዋል። ሊኮሪስ ደግሞ ከሁሉም በላይ በብዙ ውህድ ውስጥ የሚገባ ዕፅ ነው። የቲቢ ወይም ሌላ ጉበት የሚያስጨንቅ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ኸ ሾ ውን አይንካው። ማ ኋንግን አሜሪካ ከምግብ ማሟያ ውስጥ ያስወጣችው በ2004 ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው አሁንም ወረቀቱ ላይ መኖር አለመኖሩን ሊያይ ይገባል።

በዚህ ሕክምና ለመታየት የወሰነ ሰው ሲሄድ የሚውጠውን ሁሉ ከነካርቶኑ፣ የቅርብ ጊዜ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ውጤቱንም ይዞ ይሂድ። እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ከጥያቄው በፊት ትናገር። የሚሰጠው ወረቀት በቻይንኛ ፊደል፣ በድምፁና በላቲን የተክል ስሙ ይጻፍ፣ ሥር ይሁን ቅርንጫፍም ይጠቀስ፤ የብራስልሶቹ ሴቶች የተጎዱት በዚህች መስመር መጉደል ነውና። «የቤተሰብ ምስጢር ነው» ብሎ ወረቀት የማይሰጥ ካለ ተነስቶ መውጣት ነው። ከአንድ ወር በላይ የሚቀጥል ከሆነ የጉበቱ ኤኤልቲና የኩላሊቱ ክሬያቲኒን እንደገና ይታዩ። ቀዶ ሕክምና ካለ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ይቁም፣ ለአደንዛዡም ሐኪም ይነገር።

ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ከንፈር ከደነዘዘ ወይም ልብ ከተዛባ መጠጣቱ በዚያው ይቁም። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲኬድ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ያልፈላው ትርፍ ዕፅ ከነከረጢቱ ይያዝ። ወረቀቱ ሐኪሙ ያሰበውን ነው የሚናገረው፣ ድስቱ ውስጥ የገባው ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነው።